ላልቶ የተነበበ ቃል

ፍልሞና ረዘነ ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ፊት ቆማ የሰው ልብ ልትተነትን ነው። ልቡ የማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች። መከራዋም እሱ ነው።

ቦታው ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከአንድ የምንጣፍ ሱቅ ፎቅ ላይ ያለች አዳራሽ ናት። አዳራሽ የምትባለው ለክብሯ ነው እንጂ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቷ የሚንቀጠቀጥ አንዲት ክፍል ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ጥቂት ሐበሾች እዚያ ተሰብስበው የአማርኛ ግጥም ያነባሉ። ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ወርቅዬ በደርግ ጊዜ ከአገር የወጡ፣ አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ የቆመ፣ ሲናደዱ "ጓድ" የሚለው ቃል ዛሬም የሚያመልጣቸው ሴት ናቸው። ደንባቸው አንድ ነው። ሁሉም ግጥሙን ስሙን ሳይጽፍ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ዕጣ የወጣለት ሰው ቅርጹንና ትርጉሙን ይተነትናል። ስም ከሌለ ማንም አያፍርም ይላሉ። ማን ምን እንደጻፈ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የማያውቅ መምሰል ብቻ ነው ሥራው።

ፍልሞና ኤርትራዊት ናት፤ በአራት ዓመቷ ለንደን መጥታ እዚሁ ያደገች፣ አሁን አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ። አማርኛ ምን ያደርግልሻል ለሚሏት መልስ አላት። እናቷ በሕይወት ሳለች ከድሮ ጓደኞቿ ጋር በስልክ አማርኛ ስታወራ እየተንፈቀፈቀች ትስቅ ነበር። በትግርኛ እንደዚያ ስትስቅ ፍልሞና ሰምታት አታውቅም። እናቷ ስትሞት ያንን ሳቅ ፍለጋ ነው እዚህች ክፍል የመጣችው።

ያገኘችው ግን ተክለአብን ነው። ተክለአብ የደሴ ልጅ ነው፤ በስደት መጥቶ ፓርክ ሮያል አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ሆኗል። አንድ ክረምት ሙሉ ከንባቡ በኋላ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሸኛት። የኤድመንተን አውቶቡስ ሲመጣ "ይሄ ሞልቷል፣ ቀጣዩን ያዢ" ይላታል፤ አውቶቡሱ ባዶ ቢሆንም። እሷም ሞልቷል ብላ ታምናለች። ታዲያ አንድ ቀን አባቷ ከገበያ ሲመለሱ ሁለቱን አዩአቸው።

አቶ ረዘነ አልጮሁም። ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በትግርኛ እንዲህ አሏት፦ "ኢትዮጵያውያን ጎረቤት ይሁኑሽ፣ ጓደኛ ይሁኑሽ። ልጅ የሚወለድበት ነገር ግን ከእነሱ ጋር አይሁን። እኔን አንድ ጊዜ ከቤቴ አውጥተውኛል።" ከእናቷ ሞት በኋላ ለአባቷ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ለተክለአብ "ትንሽ ጊዜ ስጠኝ" አለችው። እሱም "እሺ" አለ። ከዚያ ወዲህ ወራት አለፉ፤ በንባቡ ክፍል ወዲህና ወዲያ ጥግ ተቀምጠው ሰላምታ ብቻ ይለዋወጣሉ። ናፍቆት እንዲህ አጠገብ ተቀምጦ ሲሆን የከፋ ነው።

እና ዛሬ ዕጣው ለእሷ ወጣ። ግጥሙ አራት ስንኝ ነው።

*ያልተናገርኩትን፣ ቋጠርኩት ባንጀቴ፤*
*አንዱ ጫፍ ካንቺ ዘንድ፣ አንዱ ጫፍ ከቤቴ።*
*ሰው መሀል ስቀመጥ፣ ፊቴማ ይስቃል፤*
*ቋጠሮው ከውስጥ ግን፣ ዛሬም ይጠብቃል።*

"ግጥሙ የወል ቤት ነው" ብላ ጀመረች። "ሁለቱ ሁለቱ ስንኝ ቤት ይመታል። እያንዳንዱ ስንኝ ደግሞ መሀሉ ላይ ይከፈላል። ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ስድስት ቀለም። እኔ ትንፋሿን ነው የወደድኳት። ሰውዬው ሊናገር ይጀምርና መሀል ላይ ምራቁን ይውጣል። ያፈነውን ነገር ያየሁት በቃላቱ ሳይሆን በዚያች ቦታ ነው።"

ተክለአብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። እሷ ቶሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች እንጂ ያቺ አንዲት ዕይታ ለሁለቱም የወራት ያህል ነበረች።

"ሦስተኛው ላይ ፊቱ ይስቃል። ሶ፣ አራተኛው ላይ ውስጡን ያሳየናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሱ ግን ምን አደረገ?" የመጨረሻውን ስንኝ ጮክ ብላ አነበበች። "ሰማችሁ? አንድ ቀለም ጎደለ። አምስት ብቻ ነው። ስህተት አይመስለኝም፤ ሆን ብሎ ነው። ቋጠሮው ከርሮ ከርሮ ቃሉን ራሱን ቆረጠው። ይሄ ሰው መፈታት አይፈልግም። ልቡን አጥብቆ አስሮ ዘግቷል።"

"ሴትዮዋስ?" አሉ አቶ ደግፌ፣ ከሁሉም አንጋፋ የሆኑት፣ ትንተናው ጥሟቸው። "ጫፉ እሷ ዘንድ አለ ይላል እኮ።"

ፍልሞና ወረቀቱን አጠፈች። ወራት ሙሉ ከእሱ ስትጠብቀው የነበረው መልስ ይሄ የተዘጋ ልብ መሆኑን አሁን ነው የተረዳችው፤ እና ከፋት። "ብትለቀው ይሻላታል" አለች።

"ቆይ እስቲ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "የመጨረሻዋን ቃል እንደገና..." ይህን ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና ፍራሽ በብብታቸው የያዙ ፈረንጆች ገቡ። የዮጋ ሰዎች ናቸው፤ ሰዓቱ የእነሱ ነው። ወንበር ማጠፍ፣ ይቅርታ መባባል፣ ግርግር ሆነ። ፍልሞና ከግርግሩ ቀና ስትል የተክለአብ ወንበር ታጥፎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። ባለቤቱ የለም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብቻዋን ቆመች። ኤድመንተን የሚሄደው መጣ። ባዶ ነበር፣ ገባች። የምትቆይበት ምክንያት አልነበራትም።

ሐሙስ ዕለት የግጥሙ ቡድን ስልኳ ላይ ጢን ጢን አለ። "መልካም መንገድ ተክለአብ"፣ "ግላስጎው ብርዱን ቻለው"፣ "አትርሳን"። ፍልሞና ቆጣሪው ጋ የቆመውን በሽተኛ ረስታ መልእክቶቹን ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። መሥሪያ ቤቱ ግላስጎው አዲስ ፋብሪካ ከፍቷል። ቦታው ለተክለአብ ከቀረበለት ሰንብቷል፤ እንቢ ሲል ቆይቶ ሰኞ ዕለት ተቀብሎታል። አርብ የመጨረሻ ፈረቃው ነው፣ ቅዳሜ ይሄዳል።

ሰኞ የሚለው ቃል ደረቷ ላይ ተቀመጠ። እሑድ እሷ ስለ ግጥሙ ተናገረች፤ ሰኞ እሱ መሄድን ተቀበለ። ልቡን እንደዘጋ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋለች? ቢሆንም ሌሎቹ የጻፉትን ዓይነት አንዲት መስመር መጻፍ አቃታት። "መልካም መንገድ" ብላ ጀመረችና አጠፋችው።

አርብ ሥራ የላትም። ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ የቁርስ ዕቃ ታጥባለች። አባቷ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ የአስመራን ዜና ከስልካቸው ያዳምጣሉ። ሳታስበው ስንኙ ከአፏ ወጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስባት ስለነበረ እያጠበች አለችው።

"ቋጠሮው ከውስጥ ግን፣ ዛሬም ይጠብቃል..."

ስልኩ ዝም አለ። አባቷ ናቸው ያጠፉት።

"አነከሰ" አሉ።

ፍልሞና ዞረች። ቃሉ አማርኛ ነው። አቶ ረዘነ አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ሰው እንደነበሩ ከእናቷ ሰምታለች። በጦርነቱ ጊዜ ካስተማሩበት ከተማ ባንዲት ሻንጣ ተባርረው ከወጡ ወዲህ ግን ያንን ቋንቋ በአፋቸው አልመለሱትም። እናቷ በስልክ ስትስቅ እንኳ ክፍሉን ለቀው ይወጡ ነበር።

"ምን አሉ፣ አቦይ?"

"ስንኙ አነከሰ። የቀረውን በይው።"

ሳሙናው ከእጇ እየተንጠባጠበ አራቱንም ስንኝ አለችው። አባቷ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ሰሙ። ቋ፣ ጠር፣ ኩት፣ ባን፣ ጀ፣ ቴ። ጣታቸው የት እንደሚያርፍ አልረሳም። መጨረሻው ላይ ጣቱ ተነሥቶ ማረፊያ አጣ።

"አየሽ? አንድ ቀለም ጎደለ።"

"አውቃለሁ። ሆን ብሎ ነው ያጎደለው። ስሜቱን ሲያፍነው..."

"ገጣሚው አላጎደለም" አሉ አቶ ረዘነ። "አንቺ ነሽ ያጎደልሽው።"

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

"'ብ'ን አጥብቂያት። በእኛ ቋንቋ ጠበቀ ማለት ጠነከረ፣ ከረረ ነው፤ ሌላ የለውም። አንቺ በትግርኛ ጆሮሽ ነው ያነበብሽው። በአማርኛ ግን ብ ስትላላ ቋጠሮው ይከርራል፣ ብ ስትጠብቅ ደግሞ..." ጠረጴዛውን መቱ፤ "ዛ፣ ሬም፣ ይ፣ ጠብ፣ ብ፣ ቃል። ስድስት። ሞላ። ከላይ ካለው ጋርም ቤቱን መታ።"

ፍልሞና በከንፈሯ ደገመችው። በመጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ በድምፅ። ይጠብቃል። ሰው በር ላይ ቆሞ ሰው እንደሚጠብቀው።

"ቋጠሮ እንዴት ሰው ይጠብቃል?" አለች።

"ቋጠሮው ሰሙ ነው። የሚጠብቀው ሰውዬው ነው። ወርቁ እሱ ነው።" አባቷ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ፊቷን አዩና ፈገግታው ቀረ። ለአፍታ አስተማሪ ሆነው ነበር፤ አሁን እንደገና አባት ሆኑ። "የጻፈው ማን ነው?"

ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች።

"ያ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ያየሁት ልጅ ነው?"

"አዎ።"

አቶ ረዘነ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። እዚያች ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እንዳጣ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያጣ እንደሚፈራ ፍልሞና አየችው፤ ልቧ ለሁለት ሰው እኩል አዘነ።

"ቤቱን ሞልቶታል" አሉ በመጨረሻ፣ ቅር እያላቸው። "ተማሪዬ ቢሆን ጥሩ ማርክ እሰጠው ነበር።"

"አቦይ፣ ነገ ይሄዳል። እኔ አላልቼ አንብቤው፣ ሰው ፊት..."

"ትርጉሙን ነው የነገርኩሽ" አሉ ቆረጥ አድርገው። "ፈቃዴን አልሰጠሁሽም።"

"እሺ።" እጇን አደረቀች። ካፖርቷን አነሣች። ፈቃድ አልጠየቀችም፤ ልትዋሻቸውም አልፈለገችም፤ ስለዚህ ፊት ለፊታቸው ለበሰች። በሩን ስትከፍት አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር፤ በዚያው እንደዞሩ ተናገሩ።

"እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ግጥሙ አይልም።"

ፍልሞና ይህን ሰምታ ደረጃውን ወረደች። መንገድ ላይ ነው ያለቀሰችው፣ ለእሳቸው።

ፓርክ ሮያል ከኤድመንተን ለመድረስ ለንደንን ማቋረጥ ነው። ባቡር ቀየረች፣ አውቶቡስ ያዘች፣ በመጋዘኖቹ መሀል ጠፍታ የጭነት መኪና ሹፌር ጠየቀች። የፋብሪካው በር ጋ ስትደርስ የጠዋቱ ፈረቃ መውጣት ጀምሯል። ትኩስ ዳቦ እስከ መንገዱ ይሸታል። ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። አንዱ "ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?" ብሎ ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቃት። ስሙን ስትጠራ ሰውዬው ሳቀና "ኬክ እያበላነው ነው፣ ይመጣል" አለ በእንግሊዝኛ።

ተክለአብ የወጣው ሁሉም ካለቁ በኋላ ነው። ፀጉሩ ላይ የሥራው መረብ ቀርቷል፣ አልተሰማውም። ሲያያት እግሩ ዘገየ።

"ፍልሞና? ምነው፣ ሰላም?"

"ላነብልህ ነው የመጣሁት።"

"እሑድ አንብበሽልኛል" አለ፤ ለዘብ አድርጎ፣ ሳይቆጣ። ያ ለዘብታ ነው የጎዳት። "በቃኝ።"

"እሑድ ያነበብኩት ያንተን አይደለም።"

ተክለአብ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። መኪና በመሀላቸው አለፈ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ስንኙን በትንፋሿ ከፍላ፣ 'ብ'ን አጥብቃ፣ ስድስቱንም ቀለም ሞልታ አለችው። *ቋጠሮው ከውስጥ ግን፣ ዛሬም ይጠብቃል።*

ፊቱ ተለወጠ። ፊቴማ ይስቃል ያለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቁን አቆመ።

"ድገሚው።"

ደገመችው።

"እሑድ እንዲህ ብትዪው..." ሳይጨርስ ተወው።

"አንተስ? ለምን ተነሥተህ ስህተት ነው አላልክም? ለምን ወንበርህን አጥፈህ ሄድክ?"

"ስህተት መች መሰለኝ? መልስ ነው ያልኩት። ወርቁን አግኝተሽ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ ብለሽ ሰሙን የሰጠሽኝ መሰለኝ። እንዴት ያለ ጨዋ አነጋገር ነው ብዬ ነው የሄድኩት። 'ብትለቀው ይሻላታል' ስትዪ..."

"ተክለአብ፣ እኔ እኮ ያን ያህል አማርኛ አልችልም።"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ዓይናቸው ቶሎ ሞላ።

"አባቴ ናቸው ያረሙኝ" አለች። "በአማርኛ። በሕይወቴ አማርኛ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ፈቃድ ግን አልሰጡኝም፤ እንድታውቀው ነው።"

ተክለአብ ወደ ፋብሪካው በር አየ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። "ኮንትራቱን ሳይን አድርጌዋለሁ። የስድስት ወር ነው። ግን ዛሬ ገብቼ አልሄድም ብላቸው፣ ይቆጡ ይሆናል እንጂ አይገድሉኝም። ቅር በይኝ፣ እቀራለሁ።"

አንዲት ቃል ናት። ከፍልሞና አፍ ጫፍ ደርሳ ነበር። ቅር ብትለው ግን የሚቀረው ለምንድን ነው? ለዚያው አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ለዚያው ባዶ አውቶቡስ፣ አባቷ ያዩናል እየተባለ። ያንን አትፈልግም። በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ነው የምትፈልገው። ያንን በር የሚከፍቱት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

"ሂድ" አለች። ስትለው ውስጧ ተቀደደ። "ሥራህን ጨርሰህ ና። እኔ ቤት የምጨርሰው ወሬ አለኝ። ዛሬ ተጀምሯል።"

"እና እስከዚያ?"

"ክጽበየካ እየ" አለች በትግርኛ።

"በአማርኛ።"

"አይሆንም። በአማርኛ ስጽፈው አንዱ አላልቶ ያነበዋል። በእኔ ቋንቋ ይሄ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።"

እጠብቅሃለሁ ማለቷ ነው፤ ተክለአብ ትርጉሙን አልጠየቀም። ዓይኗ ውስጥ አንብቦታል መሰለኝ። ይልቅ እንደ ተማሪ ቃሉን በአፉ ሞከረው። በደሴ አፉ 'ጽ' 'ጥ' እየሆነች አስቸገረችው። "ምላስህን ወደ ጥርስህ" አለችው፣ እንደገና ሞከረ፣ ከበፊቱ የባሰ ሆነ፣ ደግሞ አረመችው። ለሚቀጥለው ፈረቃ የሚገቡ ሁለት ሠራተኞች እያዩአቸው አለፉ።

"ለወንድ ሲሆን 'ካ' ነው አይደል መጨረሻው?" አለ ግንባሩን ቋጥሮ።

"አዎ፣ ካ።"

"ለሴት ሲሆንስ?"

"ኪ" አለች፣ ለምን እንደጠየቃት ገና ሳታስብ። "ክጽበየኪ ትላለህ።"

ተክለአብ ቀስ ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳያላላ፣ ዓይኗን እያየ አለው።

"ክጽበየኪ እየ።"

ፍልሞና በተወለደችበት ቋንቋ ይህን ያላት ሰው አልነበረም። እንባዋን አልደበቀችም።